አምስት ሰው በአንድ ስልክ

ሥራዬን ለአገሬ ለገንዳ ውሃ ሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። የካንሰር በሽተኞችን ዘረመል በኮምፒውተር እመረምራለሁ ስል እናቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ትጠግናለች» ብላ ታሳጥረዋለች። ከእውነቱም ብዙ አልራቀች። እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ለሥራ ብዬ አንድም በሽተኛ አይቼ አላውቅም ነበር። የማየው የሰጡትን ደም በፊደል ተጽፎ ነው፤ አራት ፊደል ብቻ፣ ግን ሲጻፍ የማያልቅ።

የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ደም ከሆስፒታል ይመጣልናል። ስማቸው ለምስጢር ሲባል ይወጣል፣ ስልካቸውም ወደ ኮድ ይቀየራል። አንዳንዷ ሁለት ሦስት ጊዜ ደም ስለምትሰጥ የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ድግግሞሹን መለየት ነው። ትክክለኛው መንገድ ዘረመሉን እርስ በርስ ማስተያየት ነበር። እሱ ኮምፒውተሩን ይዞ ስለሚያቆይብኝ፣ ስልክ ብቻ የሚያይ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ስልኩ አንድ ከሆነ ሴትየዋ አንድ ናት። በጣም ኮራሁበት።

ፕሮግራሙ ከመተማ ቆላ የመጡ አምስት ናሙናዎችን የአንድ ሴት ናቸው አለኝ። አንዱን ለምርመራ ይዤ አራቱን ወደ ጎን አደረግኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ከአራቱ አንዱን ከፈትኩ። የሌላ ሰው ነበር። ሁሉም የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ዘረመሉን ብጠይቀው ያን ዕለት ይነግረኝ ነበር፤ እኔ የጠየቅኩት ስልክን ነው። ከአራቱ በአንዷ ላይ ደግሞ ከዘር የወረደ ለውጥ አገኘሁ፤ ጤነኛ ነው የተባለውን ሁለተኛ ጡቷንም የሚያሰጋ፣ እህት ካላትም እህቷን የሚመለከት። ደም ስትሰጥ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ሐኪም ወዲያው ይነግርሻል ተብላ ነበር። ያኑ ዕለት ለሆስፒታሉ አስታወቅን።

ሆስፒታሉ ኮዱን ፈትቶ የሴቶቹን ስምና ቁጥሩን ሰጠን። በቃሌ የማውቀው ቁጥር ነው። ገንዳ ውሃ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው የሐጂ ስልክ ነበር። በሰሊጥ እርሻ የሚውል ሰው ስልክ ቢኖረውም ኔትወርክ የለውም፣ ባትሪ የሚሞላበትም የለውም። ስለዚህ ስልክ ሲጠየቅ የሐጂን ይሰጣል፤ ሐጂም ሰውየው ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ መልእክቱን ያደርሱለታል። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን የሰማሁት በዚያ ስልክ ነው። ሌላ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ እኔ ግን እዚያው ነው ያደግኩት።

ደወልኩላቸውና የሴትየዋን ስም ነገርኳቸው። «ሽንፋ ወንዝ ማዶ ለአጫጆች ወጥ ትሠራለች» አሉኝ። «ሰሊጡ ሊያልቅ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ካላገኛችኋት ሠራተኛው ወደየአገሩ ይበተናል፣ ኸላስ፣ አለቀ።» ኃላፊዬ ይህን ስነግረው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብሎ እኔኑ ላከኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ሻይ አስመጡልኝና ያልጠየቅኳቸውን ነገሩኝ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ‹ተደወለ ወይ?› ትለኛለች። ‹ወላሂ አልተደወለም› እላታለሁ። ‹እንግዲያ ደኅና ነኝ ማለት ነው› ትልና ጨውና በርበሬዋን ገዝታ ትሄዳለች።»

«ስንት ቅዳሜ ሐጂ?»

«አንቺ ልጅ፣ እሱን አልቆጠርኩም።»

ሻዩን መጨረስ አቃተኝ። አፈርኩ፤ ከዚያ በላይ የማሳምረው ነገር የለም።

ረፋድ ላይ ሴትየዋ በትራክተር ተሳቢ መጣች። በእኔ ዕድሜ ያለች የጎጃም ሴት ናት፤ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል። ሐጂ መጋዘናቸውን ለቀቁልንና ወጡ። ሰሊጥ የሞላ ጆንያ ላይ አስቀምጬ ከሐኪሟ ጋር በስልኬ አገናኘኋት። የእኔ ሥራ ማገናኘት ብቻ ነበር። እሷ ብዙ ጊዜ «እሺ» አለች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ።

«መቼ ነው የታወቀው?»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት የቴክኒክ መልስ ነበረኝ፤ ተውኩት። «ከስምንት ወር በፊት መታወቅ ነበረበት» አልኳት። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት። አንቺና ሌሎች አራት ሴቶች አንድ ሰው መስላችሁኝ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ከጆንያው የፈሰሰውን ሰሊጥ በጣቷ እየለቀመች አሰበች።

«ስምንት ወር ደኅና ነበርኩ እንግዲህ» አለች።

ሰኞ በሚወጣው መኪና አብረን ጎንደር ልንሄድ፣ ሐኪሟም ሊጠብቃት ተስማማን። የቀሩትን ሦስት ሴቶች ዘረመል ከመነሣቴ በፊት አይቼው ነበር፤ የሚያሰጋ ነገር የለበትም። ውጤቱን በሐጂ በኩል ላኩላቸው፣ በየስማቸው። ፕሮግራሙንም ደምስሼዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ።

«እህት አለሽ?»

«ሁለት። ከእኔ ታናሽ ናቸው።»

«ስልካቸውን ትሰጪኛለሽ?»

የቀሚሷን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። አንድ ቁጥር ብቻ ነበረበት።

«የወፍጮ ቤቱ ነው» አለች። «ቀበሌው ሁሉ በዚህ ነው የሚደወልለት።»

ቁጥሩን ጻፍኩት። ከጎኑ የሁለቱንም ስም ከነአባታቸው ጠይቄ ጻፍኩ፤ በትክክል መጻፌን እንድትሰማም ጮክ ብዬ አነበብኩላት።