ለገድ የተቀደዱ ጆንያዎች

ኩልሱም ሃያ ዓመት ሙሉ ጆንያ የጠገነችው የሰው መጋዘን ውስጥ፣ የሰው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ነው። ጅማ አጠገብ ባለችው ሰርቦ ውስጥ ቡና የሚያስገባ ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል። አይጥ የበላው፣ የጫኞች መንጠቆ የሳበው፣ የመኪና ሚስማር የያዘው ጆንያ እሷ ፊት ይከመራል፤ እሷም በትልቁ መርፌና በሲባጎ ትሰፋዋለች። ባሏ በሞተበት ዓመትም ልጇ ሩፈይዳ ባገባችበት ዓመትም እዚያው ሲሚንቶ ላይ ነበረች። ብርዱ ጉልበቷ ውስጥ ገብቷል። ሰው ሲጠይቃት «አልሐምዱሊላህ፣ ካልተነሳሁ አያመኝም» ትላለች።

አንድ ቀን ዋናው ደንበኛዋ ሐጂ ሸኩር አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ኩልሱም፣ ከእንግዲህ ያለ ደረሰኝ ልከፍልሽ አልችልም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም። ሒሳብ ሠራተኛው ነው። ‹ጆንያ ጠጋኟ የት አለች፣ ወረቀቷ የት አለ› ይለኛል። ያቻትና ተቀምጣለች ብዬ በጣቴ ባሳየው አልቀበልም አለ። ማል ጎና፣ ምን ላድርግ?»

ምን ይደረጋል፣ ፈቃድ ልታወጣ ጅማ ገባች። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ከብርሃንነሽ ሻይ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ተከራየች፣ ውሉን አጸደቀች። ለግብር ከፋይ ቁጥር አሻራ ስጪ አሏት፤ ማሽኑ ሲባጎ የላጨውን ጣቷን የሰው ነው ብሎ እስኪቀበል ብዙ አመነታ። ንግድ ፈቃዱ ላይ ደግሞ ለጆንያ ጥገና የሚሆን የሥራ ዘርፍ አልተገኘም። የመስኮቱ ልጅ ስክሪኑን ወደ ታች ሲያወርድ፣ ወደ ላይ ሲያወጣ ቆየና «ልዩ ልዩ ጥገና» ውስጥ ከሬዲዮና ከብስክሌት ጋር አስገባት።

«ትንሽ ነጋዴ ስለሆኑ መዝገብ አይያዙም» አላት። «ገማቾች አንድ ቀን ድንገት መጥተው የቀን ገበያዎን ያያሉ። ግብርዎ በዚያ ይወሰናል።»

ኩልሱም ይህን ወደደችው። ማየት ከሆነ ይምጡና ይዩ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት፤ ግምቱ ከገቢዋ ከበለጠ የቤቱን ኪራይ ይበላዋል፣ እሷም ተመልሳ ሲሚንቶው ላይ ነች።

እዚያ ሰፈር አዲስ በር ሲከፈት የመጀመሪያው ቀን ያለ ገበያ አያልፍም። ሱቅ ከሆነ አንዱ ስኳር፣ ሌላው ሳሙና ለገድ ይገዛል። ጆንያ ጠጋኝ ዘንድ ለመገበያየት ግን የተቀደደ ጆንያ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በየቤቱ የለም። የሰፈሩ ሰው በወጥ ቤት ቢላ የሚቻለውን አደረገ።

ቀድማ የመጣችው ብርሃንነሽ ናት፣ የከሰል ጆንያዋን ይዛ።

«አይጥ ነው መሰለኝ» አለች።

ኩልሱም ጆንያውን ዘርግታ አየችው። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«ይሄ አይጥ ቢላ አለው?»

«የዘንድሮ አይጥ ምን የሌለው አለ?»

ረፋዱ ላይ ሰልፉ ባጃጅ መቆሚያው ደረሰ። የመስጊዱ ጠባቂ ኢስሃቅ ማኅተሙ እንኳ ያልደበዘዘ አዲስ ጆንያ ይዞ ቀረበ። ኩልሱም ገለባበጠችው።

«ይሄ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ለመቅደድ እጄ እምቢ አለኝ። ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር አድርጊበት።»

ሁሉም ከፈሉ። በመክፈቻ ቀን በነጻ መሥራት ገድ ያበላሻል። ባሏ የሞተ ጊዜ እንኳ ይህን ያህል ሰው ደጇ ላይ ቆሞ አላየችም። ዓይኗ እርጥብ ሲልባት መርፌዋ ላይ አቀረቀረች።

ገማቾቹ የመጡት ያን ጊዜ ነው። መሪያቸው ፍሬሰላም የምትባል፣ ቅጿን ደረቷ ላይ የያዘች ወጣት ናት። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየች።

«እናቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ኩልሱም አፏን ከፈተች። ከልጅቷ ጀርባ ጎረቤቶቿ የራሳቸውን ጆንያ ቀደው ቆመዋል። ፊታቸው ቆሞ «እነዚህ ገበያተኞች አይደሉም» ማለት ምርቃታቸው ላይ መትፋት ነው። አፏን መልሳ ስትዘጋ ብርሃንነሽ ቀደመቻት።

«ይሄማ ምንም አይደል! ጠዋት ብታዪ ኖሮ!»

ፍሬሰላም ጻፈች።

የግምቱ ወረቀት ሲደርስ እሱን የሚያክል ገቢ ለማግኘት ኩልሱም በእጇም በእግሯም መስፋት ነበረባት። ብርሃንነሽ አስነብባ ሰማችና የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አፌን በሲባጎ ብትሰፊልኝ ምን ነበር?»

«መርፌው እጄ ላይ ነበር። አላሰብኩትም።»

ኩልሱም ቅሬታ ልታስገባ ቢሮ ሄደች። ምክንያቷን ጠየቋት። «የዚያን ቀን ሰው በዝቶ ነበር» አለች። ይህ ለነጋዴ ቅሬታ አይሆንም ብለው ቢያሾፉባትም፣ ፍሬሰላም ዳግመኛ መጥታ እንድታይ ቀን ተቆረጠ። ኩልሱም ቀኑን ለብርሃንነሽ ነገረቻት፤ ይህ ስህተት ነበር።

ቀኑ ሲደርስ መንገዱ እንደ ተጠረገ አውድማ ሆነ። ባጃጆቹ ራቅ ብለው ቆሙ። ልጆች በሌላ መንገድ ከትምህርት ቤት ተመለሱ። ፍሬሰላም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የሻይ ቤቱ መጋረጃ ቀዳዳ ላይ ዓይን አለ፤ ከዓይኑ በቀር ነፍስ ያለው ነገር አይታይም።

ኩልሱም ይህም ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሐጂ ሸኩር በደረሰኝ ጆንያ መላክ ጀምረዋል፤ ዛሬም የሚደርስ ጭነት ነበራት። ዝም ብትል ግን ግብሩ ይወርዳል፣ ቤቱም ይተርፋል። ከማዕዘኑ በኩል የፒካፕ ጥሩምባ ተሰማ። ደግሞ ተሰማ።

«ለእርስዎ ነው?» አለች ፍሬሰላም።

ኩልሱም ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

«ለእኔ ነው። ከሰርቦ የመጣ ጆንያ ነው። ኢስሃቅ መንገድ ተዘግቷል ብሎ ይዞት ነው።»

«ለምን?»

«አንቺ እንዳታዪው።»

«የመጀመሪያው ቀን ሰልፍስ?»

«እሱ ለገድ ነው። ጆንያቸውን በቢላ ቀደው ነው የመጡት።»

ፍሬሰላም እስክሪብቶዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አልሳቀችም።

«መመሪያው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለች።

ሄዳ ፒካፑን አስለቀቀችና ጆንያው ሲወርድ ቆማ አየች። ከዚያ የሰልፉን ቀንና የጭርታውን ቀን ደምራ ለሁለት አካፈለች፣ ያንን ከወረደው ጭነት ጋር አስተያየችና ጽፋ አሳየቻት። ኩልሱም ከምታገኘው ትንሽ ብቻ ይበልጣል። ትንሿን የብርሃንነሽ አፍ ዋጋ ብላ ቆጠረቻት።

ሐምሌ ላይ ግብሯን ከፍላ ወጣች። ቤቱም አለ፣ ንግድ ፈቃዱም ግድግዳው ላይ አለ። ብርሃንነሽ ኩልሱምን ያዳናት የዚያን ቀን ጭርታ ነው ብላ እስከ ዛሬ ለሻይ ጠጪዎቿ ታወራለች፤ ኩልሱም አትከራከራትም። ከበሩ ጎን የኢስሃቅ አዲስ ጆንያ ተሰቅሏል፤ ሊወስደው አልመጣም። ምንም ያልተቀደደበት ቦታ ላይ አንድ መስመር ሰፍታበታለች። ተከፍሎበታልና።