ከቢላ የዳነው ቦራ

ደረቅ እንጨት ከደረቅ እንጨት ጋር ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር የጋይንት ታኅሣሥ ይመጣብኛል። ድምፁ ሲመጣ ሰዎቹም አብረውት ይመጣሉ፤ ከንግግሩ ዝምታው የሚበዛው አባቴ አለሙ፣ ዝም ስትል እንኳ የተናገረች የምትመስለው እናቴ ይመናሹ፣ በጥር ልትዳር የታጨችው ታላቅ እህቴ እናንዬ፣ ከእኛው ጋር ይኖር የነበረው የእናቴ ታናሽ ወንድም ተበጀ፣ ጎረቤቶቻችን አያ ገላየና አያ ማሩ። ከሁሉም ኋላ፣ ሰው ባይሆንም ከሰው የማይተናነሰው፣ ግንባረ ነጩ በሬያችን ቦራ ይመጣል።

ቦራ እናቴ ስትዳር ከወላጆቿ ቤት ይዛት የመጣችው ላም የበኩር ልጅ ነበር። ቤታችን እንደ አገሩ ደንብ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበት ስለነበር፣ ውርጩ ሲጠና እኔና እናንዬ መደባችንን ትተን ወደ ጋጣው ተጠግተን በቦራ ትንፋሽ እየሞቅን እንተኛ ነበር። አባቴ ይህን ሲያይ «በሬ ለሞፈር እንጂ ለጋቢ አልተፈጠረም» እያለ ይቆጣን ነበር፤ አንድ ቀንም ግን ከዚያ አላስነሣንም።

በዚያ ዓመት ክረምት ቦራ ደከመ። አባቴ ለገብስ ዘር ማሳውን ሲያለሰልስ ትልሙ መካከል ተኝቶ እንቢ ይል ጀመር፤ ቢገፉትም፣ ቢለማመጡትም፣ ጅራፍ ቢያጮሁበትም እንደ ታከተው ሽማግሌ አንገቱን ዘርግቶ ያያቸው ነበር እንጂ አይነሣም። አባቴ በተውሶ በሬ ዘሩን ጨረሰ። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሲለመልም ቦራ ሥራ ፈትቶ እየጋጠ ትንሽ ሰባ፣ መስባቱም ጠላት ሆነበት፤ አባቴ አንድ ጠዋት ጎኑን ዳበስ አድርጎ «ለገና ይደርሳል» አለ።

በእኛ አገር ለገና ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ በሬ ያርዱና ሥጋውን መደብ መደብ አድርገው በዕጣ ይካፈላሉ፤ ይህ ቅርጫ ይባላል። እኛ ከአያ ገላየና ከአያ ማሩ ጋር በየዓመቱ እየተፈራረቅን በሬ እናወጣ ነበርና፣ ተራው የእኛ ስለነበር አባቴ በኅዳር፣ አጨዳው ሲያልቅ፣ ቦራን እንደሚሰጥ ቃል ገባላቸው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የማያርስ በሬ የሚያርሰውን በሬ ገለባ ይበላል፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። እናቴ ነገሩን ሰምታ «እንዳሉ» ብቻ አለች። «እንዳሉ» ስትል ነገሩ እንዳላለቀ ግን ከአባቴ በቀር ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። እናንዬ በበኩሏ ለቦራ ጨው እያላሰች ታለቅስ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገባ፣ የታጨደው መስክም ባዶ ሆኖ ለገና ጨዋታ ተመቸ። በየእሑዱ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንዶች ጫፉ በቆለመመ ዱላ ከእንጨት የተጠረበችውን እሩር እየመቱ ወደየወሰናቸው ይነዷት ነበር፤ ሴቶቹም ዳር ቆመው እልል ይሉ ነበር። ያሸነፈ ወገን የፈለገውን ሰው በግጥም ይሰድባል፤ ሎሌ ጌታውን፣ ልጅ አባቱን ቢሰድብ ማንም አይቀየምም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና፣ የተቆጣ ሰው ራሱ ይዋረዳል። ትልቅ ጥበብ ነው፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያመቀውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይተነፍሰዋል።

ከገና በፊት በነበረው የመጨረሻ እሑድ የእኛው የታች ሰፈር አሸነፈ። ተበጀ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ዱላውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ከአባቴ ፊት መጥቶ ቆመና አወረደው፦

«አያ አለሙ ጌታው፣ ምን ያለ ደግ ናቸው፣
ላረሰላቸው በሬ፣ ቢላ ነው ምርቃታቸው!»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ተበጀ ግን አልጨረሰም፤ ወደነአያ ገላየ ዞረና፦

«ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ጥርሳችሁን ሳሉ፣
ለገና ቀንበሩን ልትበሉ ነው አሉ!»

አባቴ የግንባሩ ሥር ተገተረ። ከኋላ አንዱ «አይቆጡም ጌታ!» ብሎ ሲጮህ ሌሎቹ ተቀበሉት። አባቴ ሁሉም እስኪበርድ ጠብቆ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ተበጀን አውቀዋለሁ» አለ። «ተበጀ ቤት ሊመታ ቀርቶ፣ የሚያድርበትን ቤት በር እንኳ ሳይደናበር አያገኝም። ይህ ግጥም ከእኔው ምድጃ የወጣ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለአፍታ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥሁ፣ እርሷ ግን ሳቋን እያፈነች ነበር።

«ይመናሹ፣ አፍ ነበረሽና ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?» አላት።

«በአፌማ ብነግርዎ ይቆጡ ነበር» አለችው።

ሰው እንደገና ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «እንግዲህ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ሰዎቹ ካልተዉኝ ቦራ ይታረዳል» ብሎ ተቀመጠ።

አያ ገላየ አፉን በሰፊው ከፍቶ ለሸንጎው አሳየ። «እዩልኝ! ሁለት ናት የቀረችኝ። ለቀንበር አላውላትም። እኔ ትቼዎታለሁ።»

አያ ማሩ ግን በሆዱ ነገር የሚቀልድ ሰው አልነበረም። «ሳቁስ ደስ ይላል» አለ፤ «ግን ሳቅ ወጥ አይሆንም። ይህን ሁሉ ጾም ጾመን ምን ልንበላ ነው?»

አባቴ አሰበ። ከቦራ በቀር ለመታረድ የደረሱት፣ ለእናንዬ ሰርግ ጓሮ ታስረው የሚቀለቡት ሁለት ሙክት በጎች ብቻ ነበሩ። ይህንም ሁሉም ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ አባቴ ከዚያ በፊት አድርጎት የማላውቀውን አደረገ፤ ሴት ልጁን በሰው መካከል ጠርቶ ጠየቃት።

«እናንዬ፣ በጎቹ ያንቺ ናቸው። ምን ትያለሽ?»

እናንዬ እግሯን እያየች «ሰርጌ ቢቀጥን ይቅጠን» አለች፤ «ቦራ ይኑርልኝ።»

አያ ማሩም «በግ ከሆነስ ደግ!» አለና ነገሩ በዚያው አለቀ።

የገና ዕለት ነግቶ፣ ቅዳሴው አልቆ፣ ሁለቱ በጎች ታርደው ለሦስት ቤት ሲከፈሉ ዕጣው ከበሬ ቅርጫ ጋር ሲተያይ ከእፍኝ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሆኖም ሦስቱም ቤተሰብ የየድርሻውን ወጥ ይዞ እኛ ቤት ተሰበሰበና አብረን በላን። ተበጀን ግጥሙን አሥር ጊዜ አስደገሙት፤ ቦራም ከጋጣው ሆኖ ገለባውን እያመነዠከ ያየን ነበር። ከዚያ የበለጠ የሳቅንበት በዓል ትዝ አይለኝም።

ሒሳቡ የመጣው ኋላ ነው። በጥር የሙሽራው ሚዜዎች ከስማዳ ያን ሁሉ ገደል ወጥተው መጥተው ያገኙት በአብዛኛው ምስርና ሽሮ ስለነበር፣ እናቴን በዘፈን ሲወቅሷት አመሹ፤ በሰርግ ዘፈንም አይቆጡምና ቻለችው። ሌላ በሬ የሚቀለብበትን ገለባ ቦራ ስለበላው፣ አባቴ ሁለት ክረምት በተውሶ በሬ አረሰ፣ ለተውሶውም ጉልበቱን ከፈለ፤ ዘራችን በዘገየ ቁጥር ጎተራችን ጎደለ። አያ ማሩ የጎደለበትን ሥጋ እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳም። ቦራ በሦስተኛው ዓመት በጋጣው ተኝቶ ሲሞት፣ ቁራጭ ጠፍር የማይጥለው አባቴ ቆዳውን እንኳ ሳይገፍፍ ቀበረው።

እኔ ፊደልን በራሴ ጥረት የተማርሁ፣ ልጆቼንም በጥብቅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ በዚህም አላፍርም። የዛሬ ልጆች ለአባታቸው የልባቸውን ለመናገር ገናን አይጠብቁም፣ ግጥምም አያስፈልጋቸውም፤ ልጆቼ በማንኛውም ማክሰኞ፣ እራት እየበላን፣ ተሳስተሃል ይሉኛል። ለአባቴ እውነቱ የሚነገረው በገና ጨዋታ ሰሞን ብቻ ነበር፤ በአንዲት እሑድ ለተነገረው እውነት ሁለት ሙክት፣ የልጁን ድግስና የሁለት ዓመት እርሻ ከፈለ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ይነገረኛል፤ እስካሁን ግን አንዲት ግልገል እንኳ አልከፈልሁም።