እምቢ ያልኩት ጉርሻ

መቱ ባለው ግቢያችን ላማችንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያስወርዳት፣ አማቴ "የሰው ዓይን ነው" ብለው ፈረዱ። የሞተውን ጥጃና የእንግዴ ልጁን ለድመቷ ጣሉላትና በረቱን እንድጠርግ አዘዙኝ። የአራት ወር እርጉዝ ነበርኩ። እሳቸው ግን እርጉዝ ከተቀመጠች ምጥ ይጠናባታል ባይ ናቸው። አጎንብሼ ጠረግሁ፤ ምን ዓይነት ሞኝ ነበርኩ!

በማግስቱ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም መጣ። ድመቷን የላሟ ፉርሽካ ማዳበሪያ ላይ ተኝታ አገኛት። እዚያው ትጸዳዳለች፣ ላሟም ያንኑ ፉርሽካ ትበላለች። ድመቷን በኦሮምኛ "አዱሬ" እያለ አስረዳን። "አዱሬዋን ከጥሬ ሥጋ ጥገኛ ተውሳክ ይይዛታል፤ በዓይነ ምድሯ ለላሟ ታቀብላለች። ያስወረዳት ይኼ ነው አልልም፣ ደሟ ሳይመረመር አይታወቅም። አንቺ ግን የድመት ቆሻሻም ሆነ የወረደ ጥጃ በእጅሽ እንዳትነኪ። ጥሬ ሥጋም እንዳትቀምሺ። ለጽንሱ አደጋ ነው" አለኝ።

አማቴ "ድመቷ ትገደል!" አሉ።

"አትገደልም! አይጡን ማን ሊይዝልን ነው? ፉርሽካው ይከደን" አልኩ። መክደኛ ያለው በርሜል ፈልጌ ፉርሽካውን ገለበጥኩበት። የበረቱን መጥረጊያ ደግሞ ለባሌ አስረከብኩ። አበስኩ ገበርኩ! ወንድ በረት ጠረገ ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብን። ይሳቅ፣ ምን አገባኝ?

ፋሲካ ደረሰ። ጎረቤት በሬ ተቃርጦ እኛ ቤት ተሰበሰበ። አማቴ ጥሬውን አዋዜ አጥቅሰው፣ በእንጀራ ጠቅልለው አፌ ድረስ አመጡልኝ። "በሞቴ! አምሮሽ ይቅር እንዴ?"

"አልጎርስም፣ እማማ።"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የአማትን ጉርሻ መመለስ፣ ያውም በዓውደ ዓመት! አንዱ ጎረቤት "አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ይቺ ሳትጎርስም ተጣላች!" ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ አማቴ ዞሬ፣ "ይቀየሙኝ፣ ከፈለጉም ይርገሙኝ። ልጄን ግን ለይሉኝታ አልሰጥም" አልኳቸው።

አማቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እኔ ከባልሽ በፊት ሦስት አስወርዶኛል። ሥጋው ይሁን ሌላ፣ ማን ያውቃል? እምቢ ማለት እንደሚቻል ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።"

ጉርሻውን ፈትተው ሥጋውን ለጥብስ ከተያያዘው ከሰል ላይ ጣሉት።

"እስኪያር ድረስ እንዳትነኪው" አሉኝ።