የሰባት ቁጥር ደጋፊ

እኔ ሙሉነሽ ኳስ ወድጄ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ ሜዳ የሚያየኝ ሰው ሁሉ የቅርጫት ኳስ አፍቃሪ እመስለዋለሁ። ድንቄም አፍቃሪ! እኔ የምሄደው የሻሽ የምላትን ጓደኛዬን፣ የሻሽወርቅን፣ ተከትዬ ነው። እሷን ብቻዋን ብለቃት ከዳኛ ጋር ተናንቃ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምትገኘው።

ከላይ እስከ ታች ከል የለበሰች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ጥቁር ነጠላ የደረበች ሴት፣ ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ "ኧረ ፋውል ነው! ዓይንህን ምን ጋረደህ አንተ ሰውዬ!" እያለች ስትጮህ አስቡት። ተማሪዎቹ "እማማ ፋውል" ብለው ስም አውጥተውላታል። ከሌላ ከተማ የሚመጡት ልጆች መጀመሪያ ሲያዩዋት ለቅሶ ልትደርስ መጥታ መንገድ የሳተች ይመስላቸዋል፤ በአክብሮት ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ጨዋታው ሲጀመር ነው ጉዳቸው የሚፈላ። አንድ ጊዜ የእንግዳው ቡድን አሰልጣኝ "እባክዎ እናቴ፣ ልጆቼን አያስፈራሩብኝ" ብሎ ለምኗታል። "የፈራ ቤቱ ይቀመጣ!" አለችው።

የተዋወቅነው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስንቀጠር ነው። እሷ ከመሸንቲ፣ እኔ ከሰባታሚት የመጣን ልጃገረዶች ነበርን፤ ሁለታችንንም ፈተል ክፍል መደቡን። ማሽኑ ይጮኻል፣ ጥጡ ይበናል፣ ማታ ስንወጣ ቅንድባችን ሳይቀር ነጭ ነው። እኔ ከፈረቃ ስወጣ እግሬን ዘርግቼ የምተኛበትን ነው የማስበው። የሻሽ ግን ልብሷን ቀይራ ሜዳ ትገባለች። ያኔ የሴት ሠራተኞች ቅርጫት ኳስ ቡድን ነበረን። "ሰው ቆሞ ውሎ ደግሞ ይዘላል?" ስላት "እኔን መዝለሉ ነው የሚያሳርፈኝ" ትለኛለች። ቁመቷ ከእኔ ትከሻ አያልፍም፤ እልኋ ግን ለሁላችንም ይበቃ ነበር። አይ ያ ጊዜ! የሠራተኛ ሰርቪስ ውስጥ ላባችን ሳይደርቅ ስንዘፍን፣ ሹፌሩ ሲቆጣን፣ እኛም ይብስ ስንጮህ። ዛሬ ያን መንገድ በባጃጅ ሳልፍ እንኳ ያን ዘፈን አንጎራጉራለሁ።

የሻሽ አግብታ አንዲት ልጅ ወለደች፤ ትንቢት አለቻት። አባትየው ልጅቱ ጡት ሳትጥል ስላረፈ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ልጅቱ ቁመቷን ከአባቷ፣ እልኋን ከእናቷ ወሰደች። ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ የሻሽ ከብስክሌት ጠጋኝ አንድ የተጣመመ ቸርኬ ለምና ጓሯቸው ካለው ማንጎ ላይ ቅርጫት እንዲሆናት በሽቦ አሰረችላት። እኔ ደግሞ አጥር የምጋራ ጎረቤት ነኝ፤ አበሳዬን አየሁ! ከሰዓት በኋላ ጋደም ባልሁ ቁጥር ኳሱ ድብ፣ ድብ፣ ድብ ይላል። ማንጎው ባፈራ ጊዜ ደግሞ ፍሬውን ሳይበስል ያረግፉታል። "ኧረ በሕግ አምላክ፣ አስተኙኝ!" ብዬ በአጥሩ ላይ ስጮህ፣ ትንቢት በአጥሩ ቀዳዳ ጥሬ ማንጎ ታቀብለኛለች፣ ጉቦ መሆኑ ነው። በሚጥሚጣ እበላዋለሁ፤ ዝም እላለሁ።

ትንቢት ኮሌጅ ስትገባ ሰባት ቁጥር ማሊያ ሰጧት። ከዚያ በኋላ የሻሽን ማን ይያዛት! የኮሌጆቹ ውድድር በተጀመረ ጊዜ ያልሄድንበት ከተማ የለም፤ ደብረ ታቦር፣ እንጅባራ፣ ጎንደር። ከልጆቹ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግተን፣ የሻሽ የበሶ ጀሪካኗን ጭኗ ላይ አድርጋ። ከጎንደር ስንመለስ ወረታ ላይ እንወርድና እግራችንን እናፍታታለን፤ አሸንፈው ከሆነ ልጆቹ የዓባይን ድልድይ ሲሻገሩ ከተማው እስኪሰማ ይዘፍናሉ። የሻሽ ከሁሉም በላይ ነው የምትዘፍነው። እኔ "ድምፅሽ ይዘጋል፣ ቆይ" እላታለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከእነዚያ ቅዳሜዎች አንዱን ቢመልሱልኝ ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ።

ትንቢት ተመርቃ መተማ ሥራ ያዘች። ክረምቱ ሳይወጣ ወባ ያዛት አሉን፤ ልንጠይቃት ስንሰናዳ ሬሳዋ መጣ። ያን ቀን አላወራውም፤ አትጠይቁኝ።

የሻሽ ከል ለበሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ የልጇን ስም አልጠራችም። "እሷ" ትላለች፣ "ልጅቱ" ትላለች፣ ትንቢት ግን አትልም። እኛም ስሙን ፈራነው። ዓመቱ ሲደርስ እኛ የእድር ሴቶች እንደ ደንባችን ከሐዘን ልናወጣት ሄድን። ይህ የወግ ነው፤ ሐዘንተኛ ራሱ ከሉን አያወልቅም፤ ሰው ሄዶ ጸጉሩን ያጥብለታል፣ ያበጥርለታል፣ ሌላ ልብስ ያለብሰዋል፣ እጁን ይዞ ደጅ ያወጣዋል። ውኃውንም ማበጠሪያውንም ይዘን ነበር። የሻሽ በሩ ላይ ቆማ "ጸጉሬን የሚነካ እጁ ይቆረጥ!" ብላ አባረረችን። ሸጊቱ የምትባለው የእድራችን ሰብሳቢ አልቅሳ ነው የተመለሰችው። እኔም ተናድጄ ሳምንት ሙሉ ላላናግራት ወሰንሁ።

በነጋታው ግን በሬን አንኳኳች። "ተነሽ፣ ዛሬ ጨዋታ አለ።"

"ከል ለብሰሽ?"

"ታዲያ ምን ልልበስ?" አለችኝ። ጫማዬን አጠለቅሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄድን።

ዘንድሮ ውድድሩ ሲጀመር ሰባት ቁጥሩን ለብሳ የወጣችው ሊድያ የምትባል ከጎርጎራ የመጣች ልጅ ናት። ቢያዝን፣ አሰልጣኙ ማለት ነው፣ ያን ማሊያ እስከ ዘንድሮ ለማንም ሳይሰጥ አቆይቶት ነበር። የሻሽ ቁጥሩን በሌላ ልጅ ጀርባ ላይ ስታየው ብድግ አለች። "እንሂድ" አለችኝ። ገና ከዋርካው ጥላ ሳንወጣ ያች ልጅ ከባላጋራዋ እጅ ኳሱን መንትፋ በረረች፤ ሁለቱን አታልላ አስገባችው። የሻሽ ቆማ ቀረች። ቀስ ብላ ተመለሰችና ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ "ሰባት! በቀኝሽ በኩል ባዶ ነው!" ብላ ጮኸች።

ከዚያ ወዲህ ስሟ ሰባት ሆነ። "ሰባት ደክሟታል"፣ "ሰባት ዛሬ በልታለች?" ልጅቱ ሊድያ እንደምትባል አሳምራ ታውቃለች፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ስሟን ስትጠራ አልሰማሁም። ሊድያም ጨዋታው ሲያልቅ መጥታ ጉልበቷን ትስምና በሶዋን ትጠጣለች። "እማማ፣ ዛሬስ እንዴት ነበርሁ?" ትላታለች። "ግራ እጅሽ ሰነፍ ነው" ትላታለች የሻሽ። ልጅቱ ትስቃለች።

ከጥምቀት በኋላ የሊድያ እናት ሞቱ። ጎርጎራ ድረስ ሄደን ለቅሶ ደረስን። የሻሽ ከልጅቱ አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። ሊድያ የለችም ተብሎ ጨዋታ አይቀርም፤ ቡድኑ አንዱን ሲያሸንፍ በሌላው ሲሸነፍ እንደ ምንም ብሎ ከጎንደሮቹ ጋር ለዋንጫው ደረሰ። ዋንጫው ቅዳሜ ሊሆን፣ ማክሰኞ ዕለት ከተጫዋቾቹ አንዷ፣ ሀኒ፣ እያለቀሰች የሻሽ ቤት መጣች። እኔም እዚያው ነበርሁ።

"እማማ፣ ሊድያ መጥታለች" አለች። "አርባውን አውጥታ ነው የመጣችው። ግን ዕቃዋን ልትወስድ ነው። ትምህርቱም ኳሱም በቃኝ ብላ ሻንጣዋን እያሰረች ነው። እርስዎን ትሰማለች፤ እባክዎ ይንገሯት።"

ዋንጫው ቢቀር ይቅር፤ ልጅቱ ግን ትምህርቷን ጥላ ከሄደች ማን ይመልሳታል? የሻሽ ወዲያው ተነሣች። ሸጊቱን ጠራን፤ ውኃ፣ ቅባት፣ ማበጠሪያ ይዘን የልጆቹ ማደሪያ ሄድን። ሊድያ አልጋዋ ጠርዝ ላይ በጥቁር ሻሽ ተሸፋፍና ተቀምጣለች፤ ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደ ገባ እንጃ፣ ከስታ ሰው አትመስልም።

የሻሽ ፊቷ ተቀመጠች። "ልጄ፣ አርባው ወጥቷል። እናትሽ አንቺን እዚህ ያስቀመጡሽ እንድትማሪ ነው። ሐዘን ሲበዛ ለሟችም አይበጅም። ነይ ጸጉርሽን ልጠብሽ" አለቻት። አነጋገሯ እንደ ቄስ ነው የሚያምረው።

ሊድያ ቀና ብላ አየቻት፤ ከሻሿ እስከ ጫማዋ። "እማማ፣ እርስዎስ?" አለች።

በስመ አብ! ሦስት ዓመት ሙሉ ልናገረው ስፈልግ ምላሴን የነከስሁበትን ነገር፣ ይህች አንድ ፍሬ ልጅ ለስለስ አድርጋ አለችው። የሻሽ ተነሥታ ወጣች። ሮጬ ብከተላት "አትከተይኝ" አለችኝ። እኔም ቱግ አልሁ፤ "ለሰው ለመምከር ጊዜማ አንደኛ ነሽ!" ብዬ መንገድ ላይ ጮኽሁባት። ሳትመለከተኝ ሄደች። ቤት ገብቼ ስቃጠል ዋልሁ።

ሐሙስ ጧት በሬን አንኳኳች። "ተነሽ" አለችኝ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ኩርፊያውም ቀረ። ሊድያ ገና አልሄደችም ነበር፤ ሻንጣዋ ግን በሩ ሥር ቆሟል። የሻሽ ገባችና ሲሚንቶው ላይ፣ ከልጅቱ እግር ሥር፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ማበጠሪያውን ወደ ኋላ ዘረጋችላት።

"መጀመሪያ አንቺ አውጪኝ" አለች።

ከል ከለበሰች ወዲህ ጸጉሯን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ልክ ከፈተል ክፍል ስንወጣ እንደነበረው ነጭ ሆኗል። ያኔ ጥጥ ስለነበር ተሳስቀን እናራግፈው ነበር። ሊድያ ማበጠሪያውን ተቀብላ፣ ማክሰኞ ትተነው የወጣነውን ውኃ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላት። የሻሽ ማልቀስ ጀመረች። በቀብሩ ዕለት እንኳ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ልጅቱም እያለቀሰች ታበጥራለች። እኔ በሩን ተደግፌ እንደ እብድ አነባለሁ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። እናትና ልጅ እስኪመስሉ ድረስ አንዷ የሌላዋን ጸጉር ሠርታ ተነሡ።

ቅዳሜ ሜዳው ጢም ብሏል። የሻሽ የትንቢትን ሰማያዊ የኮሌጅ ቱታ ከቀሚሷ በላይ ደርባ መጣች፤ እጅጌው ስለረዘመባት አጥፋዋለች። ልጆቹ መጀመሪያ አላወቋትም። ሲያውቋት ጭብጨባው! የሻሽ ግን ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ዝም አለች። ሊድያ ሰባት ቁጥሯን ለብሳ ገባች፤ ከጨዋታ ርቃ ስለሰነበተች መጀመሪያ ላይ ኳሱ እምቢ አላት። ሳተች፣ ደግማ ሳተች። እኔ የሻሽን አያለሁ፤ አፏ ይከፈታል፣ "ሰባት" ልትል ትልና መልሳ ትዘጋዋለች። እሷ ከተወችው ማን ይጩህ ታዲያ? ብድግ አልሁና "ፋውል ነው! አንተ ዳኛ፣ እግዜርን አትፈራም!" አልሁ። እኔ ሙሉነሽ! ሕዝቡ በሳቅ ሞተ።

በመጨረሻው ሩብ ልጆቹ ተነሡ፤ ሊድያም እጇ ተመለሰላት። ጎንደሮቹ በአንድ ነጥብ ብቻ ሲመሩ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሱ ሊድያ እጅ ገባ። ለአፍታ አመነታች። ያኔ የሻሽ ተነሣች።

"ሊድያ!" አለች። "ሊድያ ልጄ፣ ወርውሪ!"

ልጅቱ ወደ ዋርካው ዞር ብላ አየቻት፤ ስሟን መስማቷ ነው። ወረወረች። ኳሱ ቀለበቱ ላይ ዞረ፣ ዞረና ወደ ውጭ ወደቀ። ፉጨት ተነፋ። ተሸነፍን።

ሊድያ ላቧን እየጠረገች መጥታ የሻሽ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "እማማ፣ ሳትሁት" አለች።

"አየሁ እንጂ። ግራ እጅሽ ሰነፍ ነው ብዬሻለሁ። ሰኞ ትምህርት አለሽ?"

"አለኝ" አለች ሊድያ። ሻንጣው ከተፈታ ሁለት ቀኑ እንደሆነ ሀኒ በኋላ ነገረችኝ።

በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ በእግራችን ተመለስን። ፀሐይዋ ወደ ጣና ልትገባ ነው፤ ታንኳዎቹ ወደ ዳር ይጠጋሉ። የሻሽ መንገዱን ሙሉ ዳኛውን ስትረግም፣ አሰልጣኙን ስትተች መጣች፤ ልክ እንደ ዱሮዋ። ቤታችን አጥር አጠገብ ስንደርስ ቆመች። ከጓሮ ያ ዝገት የበላው ቸርኬ ከማንጎው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ብዙ ቆማ አየችው።

"ትንቢት ብትሆን" አለችኝ ፈገግ ብላ፣ "አትስተውም ነበር።"