የሩፋኤል ዝናብ በአቴንስ በረንዳ

እኛ አገር፣ ከአንኮበር ከፍ ብሎ፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን የሚዘንብ ዝናብ እንደ ጸበል ነው። እናቴ ሳፋዋን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ትደቅናለች፤ ከሚጠራቀመው ላይ ጥቂት ወስዳ ለበረከት ብላ ሊጡ ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። እኛ ልጆቹ ልብሳችንን ጥለን «ሩፋኤል፣ አሳድገን!» እያልን ግቢውን እንዞራለን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ወደ ምድጃው ስንሮጥ እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጀርባችሁ ሳይርስ ወዴት ነው? ውጡ!» ብላ ትመልሰናለች።

አሁን የምኖረው አቴንስ ነው። ጡረታ የወጡ አንዲት ግሪካዊት አስተማሪ እንከባከባለሁ፤ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ወደውታል። ልጅነቴን የማስብበት አንድ የራሴ ሥርዓት አለኝ። ጳጉሜን ሦስት ሲነጋ በረንዳ ላይ እወጣና፣ እናቴ ባለፈው ዓመት በዓል ከሳፋዋ ቀድታ በመንገደኛ በላከችልኝ ውሃ ግንባሬንና ጉንጮቼን አረጥባለሁ፤ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ በቃ። እዚህ አገር ጳጉሜን የሚባል ወር የለም። ከታች የሚያልፈው ሰው ሁሉ ተራ ቀን ላይ ነው ያለው። ይሄ ሁሌ ይገርመኛል፤ ወር የሚያህል ነገር እንዴት ድንበር ላይ ይቀራል?

ዘንድሮ ግን መንገደኛ ጠፋ። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ውሃው እኮ አልደረሰልኝም። ምን ይሻለኛል?»

«ምን ችግር አለው፣ ከቧንቧሽ ቅጂና ተቀቢ።»

«እንዴ! የቧንቧ ውሃና የሩፋኤል ዝናብ አንድ ነው?»

ልትመልስልኝ ስትል ሳቋ ቀደማት።

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ በየዓመቱ የሚዘንብ መስሎሻል? አንዱን ዓመት እኮ ጠብ ሳይል ዋለ። መንገደኛዋ ደብረ ብርሃን ላይ ትጠብቀኛለች፤ ምን ላድርግ? ከምንጩ ቀዳሁና ላክሁልሽ።»

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። የቱ ዓመት ይሆን? እንባዬ እየወረደ የተቀባሁበት ዓመት ይሆን? እንዲህ ተጠንቅቄ የያዝኩት ነገር ጸሎት ነው ወይስ ራሴን የማባብልበት ጨዋታ? ጨዋታ ከሆነ በሩፋኤል ስም መቀጠሉን ፈራሁት። መተዉን ደግሞ ሳስበው፣ ያቺ ግቢ የምትዞር ልጅ ሌላ ማን አላት?

እማማ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እሳቸው ለሁሉም ነገር የጥንት ሰዎቻቸው ተረት አላቸው። አማልክቱ ይቀናሉ፣ ይዋሻሉ፣ የሰው ሚስት ይነጥቃሉ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አማትቤ፣ «ምን ዓይነት አምላክ ነው እሱ?» ብያቸው ነበር። «የሰው ጠባይ ነው ልጄ፤ በደንብ እንዲታየን ከፍ አድርገን ሰቀልነው» አሉኝ።

የእናቴን ነገር ስነግራቸው ያወሩልኝ ግን ስለ ሰው ነው። አንድ ዘፋኝ ሚስቱ ትሞትበትና ሊያመጣት ሙታን አገር ይወርዳል። የዚያ አገር ገዢዎች፣ ውሰዳት፣ ብቻ ከዚህ እስክትወጡ ድረስ ዞረህ እንዳታያት ይሉታል። በሩ ላይ ሲደርስ እውነት እየተከተለችው መሆኗን ተጠራጥሮ ዞረ። እዚያው ጠፋችበት።

«በእኛም መጽሐፍ ወደ ኋላ ዞራ የጨው ሐውልት የሆነች ሴት አለች» አልኳቸው።

«የእናንተ ብቻ አደረግሽው እንዴ? የኛም መጽሐፍ ነው እኮ!» ብለው ሳቁ።

«ግን እማማ፣ እሷ የዞረችው የኖረችበትን አገር ልታይ ነው፣ እሱም ሚስቱን። ቅጣቱ ለምን እንዲህ ከበደ?»

«እኔ እንጃ። ተማሪዎቼ ይሄንን ሲጠይቁኝ ደወሉ እስኪደወል ሰዓቴን ነበር የማየው።»

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ደረቅ ነው፤ ደመና የሚባል የለም። ባዶ እጄን በረንዳው ላይ ቆሜ ጸሎት ልጀምር ስል የእማማ ከዘራ ከኋላዬ ተሰማኝ። በሌላው እጃቸው በሶብላውን የሚያጠጡበትን ማጠጫ ይዘዋል።

«ጎንበስ በይ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጸበል አይደለም።»

«ነው ማን አለሽ? የቧንቧ ውሃ ነው። ቶሎ ጎንበስ በይ፣ ማጠጫው ከበደኝ።»

ውሸት ውስጥ መግባት ስላልፈለግሁ አስቀድሜ፣ «ሩፋኤል ሆይ፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው፤ እወቅልኝ» አልኩና ጎንበስ አልኩ። ውሃው በማጅራቴ ገብቶ በጀርባዬ ወረደ። ሳላስበው ጮህኩ። ከማዶ አንድ ሰውዬ መስኮት ከፍቶ «ምን ሆነች?» አለ፤ እማማም ለሰውዬው፣ «ደህና ናት! በዓል ላይ ነን!» ብለው መለሱለት። ሁለታችንም ስቀን ስናበቃ ያደረስኩት ጸሎት ከሌላው ዓመት ያነሰ አልመሰለኝም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ።

ልብሴን ሳልቀይር እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። የቱ ዓመት ነበር?»

«የምኑ?»

«የምንጩ ውሃ።»

«እሱንማ እኔም ረሳሁት እቴ! ይሄን ልትጠይቂ ነው በማለዳ የቀሰቀስሽኝ?»

እማማ ምን እንዳለች ሲጠይቁኝ፣ «ረስታዋለች» አልኳቸው።

«ጎሽ! አሁን አንቺም እርሺው።»

እሺ አልኳቸው። ፎጣ ላመጣ ወደ ውስጥ ስገባ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ አንዱ ዓመት የመጣው ውሃ ክዳኑ ሲከፈት ድንጋይ ድንጋይ ይሸት ነበር። የምንጩ እሱ ይሆን? ለእማማ አልነገርኳቸውም።