ጭቃ የጎረሰ ቃጭል

ኡ ታ ዲን ዕድሜያቸውን በዝሆን አንገት ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። በበርማ ጫካ፣ ግንድ ጎታች ዝሆኖች በሚያድሩበት ሰፈር፣ ሽዌ ሞ የምትባለውን ዝሆን ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ጋልበዋታል። አብረው ሸበቱ ባይባልም አብረው ጥርስ ጨርሰዋል። ሰውም እንስሳም ጤናው ሳይጓደል እንዴት እንደሚያረጅ የምታጠናው ዶክተር ኪን ሌ በየጊዜው እየመጣች የሁለቱንም ደም ትወስዳለች።

“አባባ፣ እሷ ከእርስዎ ትሻላለች። ልቧ የኮረዳ ነው።”

“ምን አለባት! የሚነዘንዛት ባል የላት!”

ያን ሰሞን ግን ቀልድ ጠፋ። የሰፈሩ አለቃ ሽዌ ሞ ጡረታ ወጥታ ከተራራው ማዶ ወዳለው የአሮጌ ዝሆኖች ማቆያ እንድትሄድ፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው ኡ ታ ዲንም ወደ ዘመድ እንዲገቡ ወሰነ። ሴት ልጃቸው በቅርቡ ወልዳ “አባዬ፣ እኔ ጋ ይምጡ” ብትላቸው፣ “ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ለአራስ ቤት ምን ይረባል?” ብለው እምቢ ብለዋል። ከሽዌ ሞ መለየቱንማ ሊያስቡትም አልፈለጉም።

በዚያ ሰፈር ዝሆን ማታ ሰንሰለቷን እየጎተተች ጫካ ትሰማራለች፤ ጠዋት ጋላቢዋ ራሱ ጠርቦ አንገቷ ላይ ባሰረው የእንጨት ቃጭል ድምፅ ያገኛታል። ወደ ማቆያው የሚወስዳት መኪና በሚመጣበት ዋዜማ ኡ ታ ዲን ቃጭሉን በጭቃ ደፍነው ለቀቋት። ካልተገኘች ማን ይወስዳታል ብለው ነው።

ሲነጋ ተንኮሉ በራሳቸው ላይ ዞረ። እሳቸውም አጧት። ገደል ገብታ ይሆን? ወድቃ ይሆን? ደም ልትወስድ የመጣችውን ዶክተር አስከትለው፣ ሰንሰለቱ የተጎተተበትን እያዩ፣ እያነከሱ ወረዱ። ከቀርከሃው ውስጥ ቀጭን ጩኸት ተሰማ።

እንደ እናቷ ማታ ጫካ የተሰማራችው የሽዌ ሞ ልጅ የመጀመሪያ ግልገሏን ወልዳለች። የወለደችው ምን እንደሆነ ግራ ገብቷት፣ በድንጋጤ እግሯን አንስታ ልትረግጠው ነው። ሽዌ ሞ መሃል ገባች። ልጇን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት፤ እርጥቡን ግልገል በኩምቢዋ ስባ እግሮቿ መካከል አቆመችው፤ ሲወድቅ አነሳችው፣ ደግሞ ሲወድቅ ደግሞ አነሳችው። ከዚያ ልጇን እየደባበሰች አረጋጋቻትና ግልገሉን ወደ እናቱ ጡት አስጠጋችው። ጠባ። ኡ ታ ዲን ዕድሜ ልካቸውን ከዝሆን ጋር ኖረው እንዲህ ያለ ነገር አላዩም። ሳያስቡት ጫማቸውን አውልቀው፣ ፓጎዳ፣ የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ እንደገባ ሰው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ዶክተሯ የያዘችውን መርፌ ረስታዋለች።

“አያቱ አጠገቡ ያለችለት ግልገል የመትረፍ ዕድሉ ይበልጣል ብዬ ጽፌያለሁ እኮ፣ አባባ! በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም” አለች እንባዋን እየጠረገች። “የትም አትሄድም። ለአለቃው እኔ እነግረዋለሁ።” ቀጥላ ቃጭሉን አየች። “ይሄን ጭቃ ማን ጠቀጠቀው?”

“ራሷ ናት። ተንኮለኛ ናት፣ አታውቂያትም።”

“የጣት አሻራ አለበት እኮ!”

ኡ ታ ዲን ነገሩ ሲረጋጋ ቀስ ብለው ተጠግተው ጭቃውን በጣታቸው ፈልፍለው አወጡና ቃጭሉን አንኳኩ። ሽዌ ሞ ጆሮዋን ቀሰር አደረገች እንጂ ከግልገሉ ፈቀቅ አላለችም።

“ያ መኪና ባዶውን ከሚመለስ” አሉ በመጨረሻ፣ “እኔን ልጄ ቤት ያድርሰኝ።”