የአባቴ ጆሮ የሆንሁ ዕለት

ዘንዘልማ ከተከራየሁት ቤት ጎን ያለው ወፍጮ ጧት ጧት ሲነሳ፣ ጣቶቼ እኔን ሳያስፈቅዱ ይንቀሳቀሳሉ።

አባቴ ባሕር ዳር፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ነበር የሚሠራው። በዚያ የማሽን ጩኸት መሐል ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእጁ ስለነበር፣ እናቴም እዚያው ፈትል ክፍል ስለምትሠራ፣ ቤታችንም ውስጥ ከአፍ ይልቅ እጅ ያወራ ነበር። አውራ ጣት ወደ አፍ ሲጠጋ ውሃ ነው፤ ሁለት መዳፍ ሲራገፍ «አለቀ፣ እንሂድ» ነው። እኔም እንደ ጨዋታ ተምሬው፣ የጎረቤታችንን ሐሜት እሷው ፊት ቁጭ ብዬ በጣቴ አወራ ነበር።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እናቴ «ኧረ ዝናቡን አትሰማም?» ስትለው አባቴ ፈገግ ብቻ ይል ነበር። እኛም እንስቅበት ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለን።

በጥቅምት የሽመና ሠራተኞች ጆሮ ሊመረመር ነው፣ ያልሰማም ይሰናበታል ተባለ። አባቴ ሐይቁ ዳር ወስዶኝ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጦኝ፣ «ልጄ፣ ነርሷ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ቃል ትጠራለች። አንች ከክሊኒኩ መስኮት ውጭ ሆነሽ በእጅሽ ንገሪኝ። ከሥራ ከወጣሁ አለቀልን» አለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ኮራሁ።

በቀኑ ክፍቱ መስኮት ሥር ቆምሁ። ነርሷ «ውሃ» አለች፤ ምልክቱን ሰጠሁት፤ «ውሃ» አለ። «እናት»፣ «መንገድ»፣ «ሰባት»፤ አንድም አልሳትንም። ነርሷ «ጨርሰናል ጋሼ፣ ይሂዱ» ስትል፣ ከደስታዬ ብዛት እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። «ይሂዱ»ም መነገር ያለበት ቃል መሆኑ አልታየኝም። አባቴ ግን ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ፣ የሚቀጥለውን ቃል እየጠበቀ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይሂዱ እኮ!»

መጋረጃው ተገለጠ። ነርሷ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ መስኮቱን አየች።

በበጋው እናቴ ብቻዋን ወደ ፈረቃዋ ትወጣ ነበር፤ ታላቅ እህቴም ትምህርቷን ጥላ በሠራተኝነት ሰው ቤት ገባች። አባቴ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ ያ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ ይመሽበት ነበር። አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ የሚኖረው እኔ ዘንድ ነው። ያን ጊዜ ቤት ሙሉ ሰው በእጅ ያወራው ነበር፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን አብሬው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጆቼም ምልክቱን አያውቁት። አባቴ ወፍጮው ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል፤ ወፍጮው ሲያቆም ፊቱ ቆሜ፣ መዳፎቼን አራግፌ፣ «አለቀ፣ እንሂድ» እለዋለሁ። አይነሳም። ዓይኑን እጄ ላይ ተክሎ የሚቀጥለውን ቃል ይጠብቃል።